«አዳምጥ» የሚለው ቁልፍ

ከሚሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ወንድሜ ጌዲዮን፣

እንደምን ሰነበትህ? እናትህ እማ ለተማርያም ከጎኔ ተቀምጠው «የኔን ሰላምታ ሳትጽፊ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ» ስላሉኝ በቅድሚያ የእሳቸውን ተቀበል። ደህና ናቸው፣ ወገባቸውም ተሽሏቸዋል፣ ሹራብ ሳትደርብ እንዳትወጣ ብለዋል። በስልክ ብናወራ ይቀል ነበር፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ ኮድም በስልክ አይነበብም።

አዎ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ተፈቅዶልናል። የማሠልጠኛችን ኃላፊ አቶ በድሩ ነገሩን ስነግራቸው ብዙም አላስለፈለፉኝም። «ጠዋት ተማሪዎችሽን አስተምሪበት፤ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሮቹ የእናቶች ናቸው» አሉኝ። ሌላው የጠየቅኸኝም እንደፈራኸው ነው። ከሳውዲ የተመለሱት ልጆች የስም ዝርዝር በየወረዳው ተለጥፏል፣ ግን እያየ የሚመለሰው ሰው ይበዛል። ደላላው ፓስፖርቱ ላይ ያስጻፈውን ስም እናት ከየት ታውቀዋለች? ልጆቹም እውነተኛ ስማቸውን ቢናገሩ የሚታሰሩ መስሏቸው በዚያው በደላላው ስም እየተጠሩ ነው። ለዚህ ነው አንተና ጓደኞችህ በየማረፊያው እየዞራችሁ ድምፃቸውን መቅዳታችሁ እዚህ ትልቅ ወሬ የሆነው። ድምፅ የሚቀይር ደላላ የለም።

ችግሩ ገጻችሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ መስመር የሚሆን ነው። የሁሉንም ሰው ድምፅ በአንዴ ሊያመጣ ሲሞክር የእኛ መስመር መንገድ ላይ ይተወዋል። ስለዚህ ሌላ አደረግሁ። ዋናው ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ ከዚያ አንድ ሰው ሲመረጥ የዚያ ሰው ቁራጭ ብቻ ተጠርቶ ይመጣና ገጹ መሐል ባለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ስሙ፣ ወረዳው፣ «አዳምጥ» የሚለው ቁልፍ፣ ቁልፉን የሚያሠራው ትንሽዬ ኮድም አብሮ። በጣም ፈጣን ነው፣ ማሻአላህ።

ግን ቁልፉ ሞቷል። ስሙ ይታያል፣ ወረዳው ይታያል፣ «አዳምጥ» የሚለውን ስትጫነው ዝም። ያንኑ ቁራጭ ለብቻው በሌላ መስኮት ስከፍተው ግን ይናገራል! ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ምን ይነካዋል? አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ኮዱን አያይዤልሃለሁ።

ስለ መሊካ ለጠየቅኸኝ አሁን መልስ የለኝም። እናቷ አክስቴ ፋጡሜ ግን ደህና ናት። በየቀኑ ትመጣለች፣ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

እህትህ ዓፊያ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

እህቴ ዓፊያ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። አውሮፕላኑ ሰው እያራገፈ ይመለሳል፣ እኛም ከሥራ እንደወጣን ወደ ማረፊያዎቹ እንሮጣለን። ሌሎቹ ይቀዳሉ፣ እኔ የተቀዳውን አሰባስቤ ገጹ ላይ እጭናለሁ። ብዛቱ ብዙውን ሳልሰማው እንድጭን አድርጎኛል። ለእናቴ ሹራቡን ለብሻለሁ በያት።

ቁልፍሽ ያልሠራበትን ምክንያት አግኝቻለሁ፣ ያንቺ ስህተትም አይደለም። ብራውዘሩ ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት ያገኘውን ስክሪፕት፣ ማለትም ቁልፉን የሚያሠራውን ኮድ፣ ያስኬዳል። በኋላ እንደ ጽሑፍ አምጥተን ሳጥን ውስጥ የምናስገባውን ግን ያስቀምጠዋል እንጂ አያስኬደውም። ጽሑፉን ያሳይሻል፣ ቁልፉን ይስልልሻል፣ ስክሪፕቱን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ቁራጩን ለብቻው ስትከፍችው የሚሠራው ያኔ ራሱ ዋና ገጽ ስለሚሆን ነው።

መፍትሔው ይሄ ነው። ቁራጩ ከገባ በኋላ ውስጡ ያለውን ስክሪፕት ፈልጊና አውጪው፤ ከዚያ ይዘቱን ገልብጠሽ አዲስ ስክሪፕት ፍጠሪና ገጹ ላይ ለጥፊው። ብራውዘሩ አዲስ የተፈጠረ ስለሚመስለው ያስኬደዋል። መሥሪያ ቤት ያሉትን ጠይቄ ነው፣ እነሱም የሚያደርጉት እንደዚሁ ነው። አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

ስለ መሊካ የሰጠሽኝ መልስ ግን መልስ አይደለም። አንድ ግቢ አብረን ያደግን ሦስት ልጆች ነን፤ ሁለታችን ስለ ሦስተኛዋ ስናወራ እንደ ሩቅ ሰው አንሁን። ሳውዲ ከሄደች ወዲህ ስልኳ መቼ ነው የተቋረጠው? ዝም ካልሽ እኔም ሌላ ነገር ማሰብ እጀምራለሁ።

ጌዲዮን


ከሚሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጌዲዮን፣

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ አትቀየመኝ፣ ዛሬ ከሰው ፊት አፍሬ ነው የምጽፍልህ።

የላክኸው መጀመሪያ ላይ ሠራ። ስክሪፕቱን አውጥቼ አዲስ አድርጌ ስለጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነፍስ ዘራ። አንድ ልጅ «አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ሰላም ነኝ» ሲል ክፍሉ በሙሉ «ወአለይኩም ሰላም!» ብሎ መለሰለት። አንድ እናት ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብላ «በልተሃል?» ብላ ጠየቀችው። እኔም ጨረስን ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ የጀይላን ተራ ሆነ። ጀይላን የሰንበቴ ከብት ነጋዴ ነው፤ አፋሮቹ ሁሉ ያውቁታል፣ ገበያ መሐል ሲጮህ እዚህ የሚሰማ ሰው ነው። የእሱ ልጅ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ በራሱ ስም ነው የተመዘገበው። አባትየው ስሙን ሲያይ «አዳምጥ»ን ተጫነ። የሴት ልጅ ድምፅ ወጣ። ደግሞ ተጫነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፣ ከሁለቱ አንዱም የሱ ልጅ አይደለም።

«ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው ይህቺ የምታወራው?» አለኝ። ያ ሁሉ ድምፅ ያለው ሰውዬ በሹክሹክታ ነው የጠየቀኝ። በኦሮምኛም በአማርኛም ይቅርታ ብለምነው አልሰማኝም፣ ወጥቶ ሄደ።

ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። አንድ ሰው በተከፈተ ቁጥር ስክሪፕቱ እንደ አዲስ ይለጠፋል፣ የቀድሞውም ገጹ ላይ እንዳለ ነው። ሁሉም ደግሞ ለድምፁ የሚጠቀሙት መጠሪያ አንድ ስለሆነ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሰው በበዛ ቁጥር የማን ቁልፍ የማንን ድምፅ እንደሚያወጣ አይታወቅም።

አቶ በድሩ ጠሩኝ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዓፊያ፣ ሰው ልጁን ፈልጎ መጥቶ የሌላ ልጅ ድምፅ ከሰማ ካለመስማቱ ይብሳል። እስከ ሰኞ ይስተካከል። ካልሆነ ክፍሉን እንዘጋለን፣ ሕዝቡንም ተስፋ ሰጥተን አናመላልሰው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የመሊካን ነገር ደግመህ ጠይቀኸኛል። እባክህ ይሄ ሥራ እስኪያልቅ ተወኝ።

ዓፊያ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዓፊያ፣

አብሽሪ። የሰጠሁሽ ኮድ ነው ያሳፈረሽ፣ ኃፍረቱ የሁለታችን ነው። የጀይላን ልጅ ያለበትን ማረፊያ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ ዛሬ ማታ አባቱን በስልክ ያገኘዋል። ያንን ነገር ከትከሻሽ አውርጂው።

ስለ ኮዱ ግን የምጨምርልሽ የለኝም። እዚህ የጠየቅኳቸው ሁሉ «ወደ አንድ ገጽ መልሱት፣ መስመሩ የፈለገውን ያህል ይቆይ» ነው የሚሉት። የከሚሴን መስመር ስለማያውቁት ነው። ለየስክሪፕቱ የተለያየ መጠሪያ መስጠትም ይቻላል፣ ግን በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ ገብተን አንዱን ብንስት ሌላ ጀይላን እናስለቅሳለን።

እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ያንቺ ነው። እዚያ ቁጭ ብለሽ የምታዪው አንቺ ነሽ። መቋረጥ አለበት ካልሽም እቀበላለሁ። እንዲቋረጥ ግን አልፈልግም።

መሊካን ተውኳት፣ እሺ።

ጌዲዮን


ከሚሴ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጌዲዮን! ጌዲዮን! ጌዲዮን!

እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ የፊደል ግድፈት ብታገኝ እለፈኝ። ከኮዱ ልጀምርልህ፣ ከሌላው ከጀመርኩ ወደ ኮዱ አልመለስም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የለም፣ ብቻዬን ቁልፎቹን እየተጫንኩ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አንዴ ሲሠሩ አንዴ ሲሳሳቱ፣ ከሳጥኑ ውጭ ያለው «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ እንደማያውቅ አስተዋልኩ። ምንም ቁራጭ ይምጣ፣ ምንም ይውጣ፣ እሱ ይሠራል። ለምን? ከመጀመሪያው ገጹ ላይ ስላለ ነዋ! ታዲያ ስክሪፕቱን በየቁራጩ ውስጥ የምንልከው ለምንድነው አልኩ። ከሁሉም ቁራጭ ስክሪፕቱን አወጣሁት። ሁሉንም! ቁልፉ የያዘው የድምፁን አድራሻ ብቻ ነው። በምትኩ ዋናው ገጽ ላይ አንድ ስክሪፕት ጻፍኩ፦ ሳጥኑ ውስጥ የትኛውም ቁልፍ ሲነካ ሰምቶ፣ የተነካው ቁልፍ የማንን ድምፅ እንደያዘ አይቶ፣ ሲናገር የነበረውን አስቁሞ ያንን ያሰማል። አንድ ነው፣ አንዴ ይለጠፋል፣ አይደራረብም። ገና ነገ የሚመጣ ቁራጭ እንኳ የራሱ ኮድ አያስፈልገውም። አሁን ገጹ ከበፊቱም ቀለለ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል።

ዛሬ አቶ በድሩ ራሳቸው መጥተው ፈተሹት። የጀይላንን ልጅ ከፈቱ፣ የወንድ ልጅ ድምፅ ወጣ። ሌላ ከፈቱ፣ ወደ ጀይላን ልጅ ተመለሱ፣ ያው የጀይላን ልጅ ነው። እንደ ተማሪ እያቀያየሩ ሲጫኑ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ «በሩን ክፈቺው» አሉኝ።

ሰው ሞላ። ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ የመጡ አሉ፣ በባጃጅ ተጭነው የመጡ አሮጊቶች አሉ። ሁሉም በየወረዳው ያሉትን ልጆች ያስከፍታል። አክስቴ ፋጡሜ ግን የእኛን ዞን ስንጨርስም አልተነሣችም። «የሌላውንም ክፈቺ» አለች። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ጅማ ነው የሚለው» አልኳት። «ፓስፖርቱን የጻፈው ሰውዬ ጅማ ቢልስ? ክፈቺ!»

ከፈትኩ። ራህመት ሰዒድ፣ ጅማ። «አዳምጥ»ን ተጫንኩ። ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ፣ ከዚያ «እንግዲህ...» አለች ልጅቱ፣ መጨረሻውን ጎትታ፣ ቀጥሎም «ራህመት ሰዒድ እባላለሁ፣ በሰላም ገብቻለሁ...»

«መልሺው!» አለች አክስቴ። መለስኩት። «እንግዲህ...»

«መልሺው!» ሦስተኛውን አልጠበቀችም፣ ተነሥታ ቆመች። «ይቺ ‹እንግዲህ› እያሉ መጎተት የአባቷ ናት! ወላሂ የአባቷ ናት! መሊካ ናት!» ብላ ስፒከሩን አቀፈችው። ስፒከሩን፣ ጌዲዮን! ገመዱ ተነቅሎ ድምፁ ጠፋ፣ ክፍሉ ግን እልልታ በእልልታ ሆነ። እኔም ስሰማው አወቅኋት። እንዴት አላውቃት?

አሁን ልንገርህ። በሐምሌ ከጂዳ የመጣች አንዲት ልጅ መሊካ ሆስፒታል ገብታ ሞታለች ብላን ነበር። ለቅሶ ተቀምጠናል፣ ሰደቃ ወጥቷል፣ እናትህ ሳይቀሩ አልቅሰዋል። አንተ በየደብዳቤህ ስትጠይቀኝ ያንን ቃል በጣቴ ልጽፈው አልቻልኩም። እናትህንም እንዳይነግሩህ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አክስቴ ብቻ ናት ያላመነችው። ሰው እያጽናናት «ልጄን ሳላይ አላለቅስም» ብላ ቁጭ አለች። እኔ አምኜ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ ባየኋት ቁጥር ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞር ነበር።

ድምፁ ከየትኛው ማረፊያ እንደተቀዳ ሰርቨሩ ላይ ታገኘዋለህ። ይሄን ስታነብ ጫማህን እንኳ አትሰር። ሂድ!

ዓፊያ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዓፊያዬ፣

በስልክ የሰማሽውን ሰምተሻል፣ ግን በጽሑፍ ይኑርሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያቃጠለኝ ያንን ድምፅ የጫንኩት እኔው መሆኔ ነው፤ ሳልሰማው። ከዚያ ሮጥኩ። ማረፊያው በር ላይ ያለችው አስተናጋጅ «ራህመት ሰዒድ!» ብላ ስትጠራ አንዲት ቀጭን ሴት ከጥግ ተነሣች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። «መሊካ» አልኳት። ፈራች፣ ወደ ኋላ ዞረች። ሊያስራት የመጣ ሰው መስያት ነው። እኔም በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛዬ «አካም ጅርታ?» ብዬ እንዴት ነሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ብዙ አየችኝና «ጌዲዮን? ጢም ደግሞ ማን ፈቀደልህ?» አለች።

ሆስፒታል መግባቷ እውነት ነው። ያቺ ከጂዳ የመጣችው ልጅ መሊካ ከሆስፒታል መውጣቷን ሳታይ ነው ወሬውን ይዛ የመጣችው። የእናቷ ቁጥር የነበረበት ስልክም ያኔ ጠፍቷል። አሁን ሳል አለባት፣ ከስታለች፣ ሐኪም አይቷት መንገድ ትችላለች ብሏል።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ አልሄድም ብላኝ ነበር። «ባዶ እጄን ከሚሴ አልገባም፤ እዚሁ ሰው ቤት ሠርቼ የሆነ ነገር ይዤ እሄዳለሁ» አለችኝ። ብለምናት ብቆጣት እምቢ። በመጨረሻ ስልኬን ሰጠኋትና እናቷን አገናኘኋቸው። ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አወራች፣ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስልኩን ስትመልስልኝ ያለችኝ ግን «አውቶቡሱ ከየት ነው የሚነሣው?» ነው።

እኔም አብሬ እመጣለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ሁለት አውሮፕላን ሙሉ ሰው ስለገባ አልቻልኩም። ያንቺን ስክሪፕት ግን ትናንት ዋናው ገጻችን ላይ አድርገነዋል። ደሴም፣ ሀርቡም፣ ጅማም የሚከፍቱት ያንቺን ነው። መሥሪያ ቤት ያሉት ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። «የግቢያችን ልጅ ናት» አልኳቸው።

ጌዲዮን


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጌዲዮን፣

የዘገየሁት ቤታችን የሰርግ ቤት ስለመሰለ ነው፣ ይቅር በለኝ።

አውቶቡሱ ሲቆም አክስቴ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፣ በሚወርዱት መሐል ገፍታ ወጣች። ሹፌሩ «እማማ፣ መውረጃ ነው እኮ» ይላል፣ ማን ይሰማዋል። ውስጥ ምን እንደተደረገ አላየሁም፣ እናትህም አላዩም፣ ከመስኮቱ በታች ቆመን የተሳፋሪዎቹን እልልታ ብቻ ነው የሰማነው። ሲወጡ ግን አክስቴ እያለቀሰች ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ያጠራቀመችውን በሙሉ፣ መንገድ መሐል፣ መኪና አስቁማ አለቀሰችው። ለለቅሶ መጥተው የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ለእንኳን ደስ ያላችሁ ሲመጡ ግቢው አልበቃ አለ። ጀይላን ከሰንበቴ ሙክት እየጎተተ መጣ፣ ልጁም አብሮት። በዚያ የገበያ ድምፁ «የታለች ያቺ ድምፅ ያምታታችብኝ መምህር?» ብሎ ሲጮህ እኔ ተደብቄ ነበር፤ ጎትተው አውጥተው እኔንና ጀይላንን አንድ ላይ አስመረቁን።

ስለ መሊካ የጠየቅኸኝን አሁን ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ሳሏ ቀሏል። ትበላለች። ትስቃለችም፣ በጢምህ ነው ብዙውን ጊዜ የምትስቀው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቤት አልወጣችም፣ ሰው ምን ይለኛል ብላ። እኔም አልገፋኋትም። ትናንት ግን ምሳ ልታደርስልኝ ወደ ክፍሉ መጣች፣ እናቶቹ እያዳመጡ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አንዱን ሰማች፣ ሌላውን ሰማች። ሳህኑን አስቀመጠችና ወደ እኔ መጥታ «ይቺን ድገሚያት» አለችኝ።

ደገምኩላት። የተጻፈላት ስም ሀያት የሚል ነው።

«ሀያት አይደለችም» አለች መሊካ። «እዚያ ሳውዲ አንድ ክፍል ነው የታሰርነው። ሁላችንም ማታ ማታ እውነተኛ ስማችንን እንነጋገር ነበር፣ እንዳንረሳው።»

ወንበር ሳብኩላትና ተቀመጠች። አንዱን ከሌላው እያስከፈተች ታዳምጣለች፣ ዓይኗን ጨፍና። እናቶቹ ከበዋታል። አንዳንዱን «አላውቃትም» ትላለች፣ አንዳንዱን «ኡሚ ናት፣ የጨፋ ሮቢት ልጅ» ትላለች። ኡሚ ስትል ከኋላ አንዲት ሴት እንደ ወደቀ ዕቃ ድምፅ አሰምታ ተቀመጠች፤ እናቷ ነበረች።

ዛሬ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ። አሁን ይሄንን ስጽፍ ከጎኔ ናት፣ እናቶቹም ገብተው እየተቀመጡ ነው። ሰላምታዬን እንኳ በደንብ አታስጽፈኝም፣ ሥራ አለ ትላለች። ጻፊለት ያለችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፦

«ገጹ ላይ ሀያት የሚለውን ሰርዝና ዘሊካ በል። እናቷ የሰንበቴ ሰው ነች፣ ተነግሯታል፣ መንገድ ላይ ነች። ቀጥሎ ያለችውን ክፈት።»

ዓፊያ እና መሊካ